ከሣሩ በፊት ጠባቂው

ከጣርማ በር ወደ መሃል ሜዳ የሚጓዝ ሰው የጓሳን ሜዳ ያያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ፣ ጭላዳ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት ውርጫማ የመንዝ ምድር ነው። ስለ ረጅም ጊዜ ዕቅድ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይህ ሜዳ ነው። መንዞች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዓመት አስበው ሲከልሉት ኖረዋልና።

ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። ሜዳው ለከብትም ለማጭድም ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ነዋሪው የመረጣቸው አለቆች ነበሩ፤ የሣሩን ዕድገት አይተው፣ የሰዉንም ችግር መዝነው። ሲከፈት ጓሳ የሚባለው ሣር ታጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል፤ ከብቱም ይገባል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻው መጠጊያ እሱ ነው። ደንብ የጣሰ ቤቱ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ነበረበት።

ያ ቅጣት እንዲመለስ አልመኝም። በሜዳው የመጠቀም መብቱም ለአቅኚዎቹ ለአስቦና ለጌራ ዘሮች ብቻ ስለነበር ሌላው ሰው ተመልካች ሆኖ ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አድልዎ መሻሩ ተገቢ ነው፤ ግን ጠባቂውንም አብሮ ሻረው። ሜዳው ከልካይ አጣ፣ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ነዋሪው ጉዳቱን አይቶ ኮሚቴ አቋቋመ፣ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ የሚያቅፍ ደንብ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ ከክልሉ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ።

ወደ ዛሬው ዕቅድ ስመለስ፣ አገራችን ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአሥር ዓመት የልማት መሪ ዕቅድ አላት። ቀበሌ ስንደርስ ግን ኃላፊ ሲቀየር ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራም ይቀየራል። ነዋሪው ለስብሰባ የሚጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ እጅ አውጥቶ እንዲያጸድቅ ነው። ክረምት ችግኝ የተተከለበት ተራራ በበጋ ይጋጣል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፤ ጉልበቱም ችግኙም የሕዝብ ነውና።

እኔ የምጠይቀው፣ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን ለነዋሪው በሕግ እንዲሰጥ ነው። የአንድ ተፋሰስ ሰዎች ተራራው ለአምስት ዓመት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ካሉ፣ የትኛውም አዲስ ኃላፊ ያለ እነሱ ፈቃድ ሊከፍተው አይገባም። ከዚያ በፊት ግን የሚነጋገሩበት ብርቱ ጉዳይ አለ። ተራራ ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ በሬ ያለው አይደለም፤ የግጦሽ መሬት የሌላት፣ ሁለት ፍየሎች ያሏት ሴት ናት። ከተከለለው ቦታ የሚታጨድ ሣር ድርሻዋ በቅድሚያ ካልተቆረጠላት፣ ሌሊት ፍየሎቿን ብታስገባ ልፈርድባት አልችልም።