ክብሪቱን አስቀምጡት

ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ በጆሃንስበርግ ብርድ፣ ጄፒ አካባቢ የሚኖሩ ጎረቤቶቼ በሌሊት በሬን ደበደቡት። ነርስ መሆኔን ያውቃሉ። የሁለት ዓመት ልጃቸው በትኩሳት ላይ እያለ ዓይኑ ተገልብጦ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ስገባ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይዟል፤ ሌላው ጥርሱን በማንኪያ ሊያስከፍት ይታገላል። እናትየው «ልጄ ሞተ!» ትላለች።

ክብሪቱንና ማንኪያውን አስጣልኩ፣ ልጁን በጎኑ አስተኛሁት፣ ሰዓት ያዝኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመለት።

ይህ ነገር ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ሲሆን ከመቶው ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን ያጋጥማቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ በራሱ ይቆማል። የሚጥል በሽታ አይደለም፤ እኛ ግን ለልጁ ስም ለማውጣት እንቸኩላለን። ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፣ ጭስ ትንፋሽ ያውካል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከርም አይጠቅምም። ፓናዶም ቢሆን ልጁን ያሳርፈዋል እንጂ መንቀጥቀጡን አይከለክልም። «ቀድሜ በሰጠሁት ኖሮ» እያላችሁ የምትብሰለሰሉ እናቶች፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

እኔን ያናደደኝ ክብሪቱ ሳይሆን አባትየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ «ሐኪም ቤት አንሄድም፣ ወረቀታችን አልታደሰም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የተንቀጠቀጠ ልጅ የግድ በሐኪም መታየት አለበት፤ ከትኩሳቱ ጀርባ ማጅራት ገትር ሊኖር ይችላልና። አንገቱ ከደረቀ፣ አልነቃ ካለ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከደገመው ደግሞ ደቂቃ አይሰጥም፤ አምቡላንስ 10177 ነው፣ ከሞባይል 112። ወረቀቱን በተመለከተ፣ የደቡብ አፍሪካ የጤና ሕግ የግል የሕክምና መድን ለሌላቸው ከ6 ዓመት በታች ልጆች የመንግሥት ሕክምናን ነፃ አድርጓል። የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ይህ መብት ሰነድ የሌላቸውን የውጭ አገር ልጆች ጭምር እንደሚመለከት ወስኗል። ክሊኒክ በር ላይ መታወቂያ እየጠየቁ የሚመልሱ መኖራቸው አልጠፋኝም። ለዚህም ነው ውሳኔውን በስልካችን ይዘን፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አስከትለን መሄድ ያለብን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ተማሪዎችና ባለሙያዎች፣ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ብር ስናዋጣ ማንም አይቀድመንም። ያው ዕድር አንድ እሑድ ከሰዓት ለወላጆች ይህን ቢያሳይ ምን ይከብደዋል? አሻንጉሊትና ምንጣፍ ይበቃል፤ የሚያሳይ ከጠፋ እኔ አለሁ።

በዚያ ሌሊት አባትየውን ጎትቼ ሄድን። ጆሮው አመርቅዞ ኖሯል። መድኃኒት ተሰጥቶት ሲነጋ ገንፎ ጠየቀ።