ቤት የሚገዛ አስቀድሞ መዝገቡን ይመርምር

ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ቡሌ ሆራ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች፣ የቡና ነጋዴና ተማሪ የሚበዛባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚያስበውን ወጣት እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በሬ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን የምናይ ሰዎች፣ ቤት ስንገዛ ግድግዳውን ብቻ አንኳኩተን ገንዘባችንን መስጠታችን ያሳዝነናል።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገዥ የሚያገኘው ቤቱንና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን የይዞታ መብት ነው። ከከተማ ዳር ያለ የገበሬ ማሳ በመንደር ውል የገዛ ሰው ገዛሁ የሚለው ወረቀቱን ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ከአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቤት ገዛ እንበል። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ቡና ተጠጣ፤ ተመረቀ፤ ገንዘቡም ተቆጠረ። በማግሥቱ የሽማግሌው ባለቤት «እኔ አልፈረምኩም» አሉ። የሻጩ ወንድሞች «ያልተከፋፈለ የአባታችን ውርስ ነው» አሉ። ባንኩም ቤቱን በመያዣ ይዞታል። ከእነዚህ ነገሮች አንዱም በግድግዳው ላይ አይነበብም።

መድኃኒቱ ከተጻፈ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 2878 ደግሞ ሽያጩ በመዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደማይጸና ይናገራል። እንግዲህ ገዥው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት በካርታው ላይ ያለውን ስምና ልክ ከሻጩ መታወቂያና ከቦታው ጋር ያስተያይ። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመዝገብ ቤት ያረጋግጥ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብለት። ገንዘቡን በባንክ ይክፈል፤ ከፊሉንም ስሙ እስከሚዛወርበት ቀን ድረስ እንዲያቆይ በውሉ ያስጽፍ።

«ከታላቅ ሰው ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ «ኦቦ፣ ቃልዎን ሳልጠራጠር፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ልጆች ስል ነው» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ወጣት ሽማግሌውን አላዋረደም፤ ከክርክር አዳናቸው እንጂ። የሽማግሌ ምስክርነት ለዕርቅና ለሰላም ይበጃል፤ የመዝገብን ሥራ ግን አይሠራም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውም ለዚህ ነው።

በማዘጋጃ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ ፋይሉ ሲጠፋ ወይም ባለጉዳዩ በ«ነገ ና» ሲመላለስ፣ ሰው ወደ መንደር ውል ይሸሻል። የዚያ ቤት ጠብ ከእናንተ መደርደሪያ እንዳይነሣ መዝገቡን በንጽሕና ጠብቁ። ተማሪዎችም ለአባቶቻችሁ ውሉን የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁና፣ ከመፈረማቸው በፊት አንብቡላቸው።