ስዊቹ ለማን ይናገር?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው በችግር ቀን ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። በኮምፒዩተር መረብም ነገሩ ይኸው ነው።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት የኮምፒዩተር ክፍላችን ግማሹ ከመረቡ ተቋርጦ ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስንጎትት ውለናል። የትኛው ገመድ ከየትኛው ስዊች፣ በስንተኛው ፖርት እንደተሰካ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኋላ ሲታይ ግን ስዊቾቹ ራሳቸው ሊነግሩን ይችሉ ኖሯል፤ አፋቸው ተዘግቶ ነው እንጂ!

ስዊቾች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ደንብ ኤልኤልዲፒ ይባላል። በ2005 እ.ኤ.አ. 802.1ኤቢ በሚል ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች ይግባቡበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ስዊቹ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ «ስሜ እገሌ ነው፤ የምናገረው ከዚህኛው ፖርት ነው» እያለ ይልካል። ጎረቤቱም መዝግቦ ለ120 ሰከንድ ያህል ይይዘዋል፤ አዲስ መልእክት ካልመጣ ይሰርዘዋል።

ታዲያ በሁሉም ፖርት ላይ ይከፈት? በፍጹም! መልእክቱ በምስጢር የተቆለፈ አይደለም፤ ላኪው ማን እንደሆነም ማረጋገጫ የለውም። የስዊቹን ስም፣ የሶፍትዌሩን ዓይነት፣ የሚታዘዝበትን አድራሻ ሳይቀር ሊይዝ ይችላል። ከክፍሉ ግድግዳ ላፕቶፑን የሰካ ሁሉ ይህን ያነባል። ለጎረቤት የሚነገር ለመንገደኛ አይነገርም።

«እንግዲያው ሁሉንም ዝጉት» የሚሉም አሉ። ይህም ስሕተት ነው። በመረብ የሚሠሩ ብዙ ስልኮች የድምፅ መስመራቸውን የሚያውቁት፣ አንዳንድ ዕቃዎችም በገመዱ የሚመጣላቸውን ኃይል የሚደራደሩት በዚሁ ደንብ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። አንደኛ፣ ስዊች ከስዊች በሚገናኝበት ፖርት መላክም መቀበልም ይከፈት። ሁለተኛ፣ ተማሪ ኮምፒዩተር በሚሰካበትና ወደ ውጭ በሚወጣው ፖርት ሁለቱም ይዘጉ። ሦስተኛ፣ ስልክ ያለበት ፖርት ተለይቶ ይከፈት። አራተኛ፣ የተደረገው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ የሰው ትዝታ ከሰውየው ጋር ይዛወራልና።

«ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እስቲ እናስብ፤ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ቴክኒሻን ባይኖርስ? መረቡ ሲቋረጥ ተማሪው የሚያየው የመምህሩን ዓይን ነው። ያን ጊዜ «አልተማርኩትም» ማለት መልስ አይሆንም።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት እንጠይቃለን። የአንድ ከሰዓት በኋላ የተግባር ትምህርት ይሰጠን። ሁለት ስዊችና አንድ ገመድ ይበቃል። እያንዳንዳችን በእጃችን ከፍተን፣ ዘግተን፣ የጎረቤቱን ዝርዝር አንብበን እንውጣ። ያ አንድ ከሰዓት፣ ገመድ ስንጎትት ካለቁት ሁለት ቀናት የበለጠ ያስተምረናል።