መብራታችን ይበራል፤ ግን የት ላይ?

ባለፈው ሳምንት ማታ ከጎሬ ወደ ቡሬ ስመለስ ከፊቴ የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግብኛል። እኔም ውስጤ ይበግናል። «አጭር ነው ያበራሁት! ምን ላድርግ?» ቡሬ ልገባ ስል አንድ የአይሱዙ ሹፌር ዳር ይዞ በእጁ አስቆመኝ። ልሟገተው ስወርድ «እንዴ፣ ቲቸር! እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ የግራ መብራትዎ ዓይኔን አጠፋው። መንገድ ዳር ፈረስ የሚስብ ሰውዬ ነበር፤ ያየሁት አጠገቡ ስደርስ ነው።»

ክርክሬ እዚያው አለቀ። «ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል» እያልኩ ስንት ጠመኔ የጨረስኩ ሰው፣ የገዛ መኪናዬ ብርሃን ወዴት እንደሚጓዝ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌዋ ዲኤክሴ የግራ መብራት ተሰብሮ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ። በራ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ። ግድግዳ ላይ አብርቶ ያየው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ለቦሎ ስንሄድ የምንጨነቀው «ይበራል ወይ?» ብለን ነው እንጂ «የት ያበራል?» ብለን አይደለም። ሲደበዝዝብን ደግሞ ኤልኢዲ አምፖል እንጨምራለን። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ሲገባ ብርሃኑ ይበታተናል። ለእኛ ቀን፣ ለሚመጣው ጨለማ!

ከቡሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ለ2 ሰከንድ ብቻ ዓይናችሁ ቢጠፋ 22 ሜትር በጭፍን ሄዳችኋል። አስሉት።

ማስተካከሉ ደግሞ ከባድ አይደለም። የጎማ ንፋስ አስለኩ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁና መኪናዋን ፊት ለፊት አቁሙ፤ ሹፌሩ ቦታው ላይ ይቀመጥ። የእያንዳንዱን መብራት መሐል ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አንዱን በጨርቅ ሸፍናችሁ የሌላውን አጭር መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ሁለት ብሎን አለው፤ አንዱ ከፍና ዝቅ፣ አንዱ ግራና ቀኝ ያደርጋል። ካቻቢቴ ይበቃል።

ያገለገለ መብራት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት ከፍ የሚለው በግራ በኩል ነው፤ ማለትም ወደሚመጣው ሰው ዓይን። ይሄን ብሎን አያስተካክለውም፤ መለወጥ ነው።

አይሱዙ የምትነዱ ልጆቼ ደግሞ፣ ቡና ጭናችሁ ኋላው ሲወርድ የፊቱ ቀና ይላል፤ መብራቱም አብሮ። የደከመ ባሌስትራም ባዶውን እንዲሁ ያደርጋል።

የራስ መብራት ሲጣመም የሚያየው ሌላው ሰው ነው። ስለዚህ ብልጭ ሲያደርጉብን ከመሳደባችን በፊት ወርደን እንይ።

እኔ በማግስቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ አስተካከልኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ትናንት ማታ ያንኑ መንገድ ስመጣ አንድም ሰው አልገሠጸኝም።

ያስቆምከኝ ልጅ፣ ይቺን ካነበብክ ማርክህን ጨምሬልሃለሁ።