እምነት በሙግት ብቻ አይገባም

ሰሞኑን ታትሞ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሃይማኖቱን በማስረጃ መርምሮ ያልመረጠ ሰው ወግ ተከታይ እንጂ አማኝ አይደለም» ይላል። አልስማማም።

ጸሐፊው በምዕራብ ኢትዮጵያ ወዳሉት ወደ ኖፓ ወይም ወደ መቱ ይምጣና ሰዉን ይጠይቅ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም የሚነግረው ስለ እናቱ ጸሎት፣ በለቅሶ ቀን ስላጽናኑት ጎረቤቶች፣ አብረውት ስለጾሙ ሰዎች ነው። ይህን «ወግ» ብሎ መናቅ የሰውን ልብ አለማወቅ ነው።

ክርክር ብቻውን እምነትን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ደርግ ያሸንፍ ነበር። ሥልጣን፣ ራዲዮ፣ የውይይት ክበብ በእጁ ነበሩ፤ ሃይማኖትን ኋላቀር እያለ አስተማረ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ምእመናኑ ግን በየቤቱ ተሰብስበው ጸለዩ፣ የታሰሩትን ቤተሰብ አበሉ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቆማ ነበር። ያቆያት መዋደድ ነው።

ታዲያ ምርመራ የለም ማለቴ አይደለም። የኦርቶዶክስ የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ በአንድምታ ትርጓሜ አንዱን የመጽሐፍ ቃል በብዙ መንገድ ይፈትሻል። ግን የሚፈትሸው በመምህሩ በየኔታ እግር ሥር፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ መንደሩ በሰጠው ቁራሽ እየኖረ ነው። አእምሮውን ከማኅበሩ ነጥሎ የሚያይ አይገባውም።

ጸሐፊው «አማኝ አይደሉም» ያላቸውን ምእመናን ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባል።