የሸሕዲ መንገድ በቀለም ይነሣ

በክፍላችን ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሥነ ጥበብ ነው፤ ባለ ቀለሙ ግን ለሠርግ አልበም ነው የሚሉ ጓደኞች አሉ። ስልካቸው በአንድ ንክኪ ቀለሙን ስለሚያጠፋላቸው፥ በመንገድ ያነሡትን ኹሉ አመድ ያለብሱታል። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም፤ ምክንያቴንም መምህራንና ወላጆች በሚያነቡት በዚህ መጽሔት ባቀርበው መልካም መስሎ ታየኝ።

አያቶቻችን በጥቁርና ነጭ የተነሡት መርጠው አልነበረም። የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሚሠራው በዘመኑ በነበረው መሣሪያ ነው። ኮዳክሮም የተባለው ባለ ቀለም ፊልም እንኳ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ነው፤ ወደ እኛ አገር ፎቶ ቤቶች ቀለም እስኪደርስም ብዙ ዓመት አልፏል። ዛሬ ግን ምርጫው በእጃችን ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ብራዚላዊው ሴባስቲያው ሳልጋዶ በኮረም ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች እጅግ ታላላቅ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገደኛ የእኛን ሰው ፊት ሲያይ ቶሎ ብሎ ቀለሙን መንሣት የሚገባው ይመስለዋል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሕዝብ ገባ። ከመካከላቸው አስተማሪም ነጋዴም ነበረ። የአንዲቱን ሴት ብርቱካንማ ቶብ ግራጫ ካደረግነው ምን ይቀራል? ስደተኛ የሚለው ስም ብቻ ይቀራል። ቶቡን ግን ገበያ ሄዳ፥ ከሌሎች አማርጣ የገዛችው እርሷ ናት።

ስለ ገበያችንም ላንሣ። በሰሊጥ አገር ቀለም ጌጥ ሳይሆን ዋጋ ነው። ነጋዴ ሰሊጡን በመዳፉ ዘርግቶ የሚመረምረው ንጣቱን ነው፤ የሑመራና የጎንደር ሰሊጥ ከጠቆር ካለው ከወለጋው የሚለየውም በዚሁ ነው። በጥቁርና ነጭ ብናነሣው ሰሊጡም፥ ማሽላውም፥ አሸዋውም አንድ ይሆናል። ከርከዴውማ ቅላቱ ከሄደ ደረቅ ቅጠል ነው!

በእርግጥ ቀለም ያስቸግራል። ከጥግ የተቀመጠች አንዲት ቢጫ ጀሪካን የተመልካቹን ዐይን ከሰውየው ፊት ትሰርቃለች፤ መድኀኒቱ ግን ሁለት እርምጃ መራመድ ነው። የቆላ ቀትርንም አልረሳሁም። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ቀለሙ ይነጣል፥ ከባርኔጣ በታች ያለው ፊት ይጨልማል፤ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ያሸንፋል፥ እኔም እጠቀምበታለሁ። ከኹሉ የሚሻለው ግን ጧት ማልዶ ወይም ወደ ማታ መውጣት ነው።

አይዳ ሙሉነህን ተመልከቱ። በጥቁርና ነጭ ብዙ ከሠራች በኋላ ቀዩን፥ ሰማያዊውንና ቢጫውን ሳትፈራ ይዛ በዓለም ታወቀች፤ አዲስ ፎቶ ፌስትንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 መሠረተች።

የመጽሔታችን ገጾች የሚታተሙት በጥቁር ብቻ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ የባለ ቀለም ኅትመት ዋጋም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ለሚመጣው ዓመት ከመካከል አንድ ባለ ቀለም ቅጠል ይግባ፤ ወላጆችም ወጪውን በማዋጣት ይርዱን። ፎቶግራፎቹን እኛ ተማሪዎች ከኅዳር ገበያ እናመጣለን።