ማይነስ ዋን እና የኻርቱሙ ልጅ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ማሪዮ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ያ ሪዛሙ፣ ባለ ቀይ ኮፍያው ማሪዮ። «አሁን ይሄ የሚወራበት ጊዜ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። አጎቴ እዚያ ሱቅ ነበረው። እናቴ «አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ቦታ አይተህ ትመጣለህ» ብላ ነበር የላከችኝ። እኔ ግን ያየሁት ጌም ቤት ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቻይና ማጫወቻ፣ ከጓሮ የሚጮህ ጄኔሬተር። ዝናቡ ሲያባራ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ማንም ግን አይወጣም። ከወጣህ ተራህ ያልፋላ!

ማጫወቻውም ካሴቱም በገላባት በኩል የገቡ ናቸው። ቢጫው ካሴት ላይ «999999 በአንድ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ጥቂት ጌሞች ናቸው እየተደጋገሙ የተሞሉት። ማሪዮ ብቻ ስንት ቦታ ነበር፤ አንዱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሌላው ከመሃል። ልጆቹም እንደ ካሴቱ ድብልቅ ነበሩ፦ ከድልድዩ ወዲህም ከድልድዩ ወዲያም የሚመጡ፣ በአማርኛ ተሰዳድበው በአረብኛ የሚታረቁ።

የቤቱ ሕግ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ሦስቱ ነፍስህ ሲያልቅ ትነሳለህ። እንግዲህ ምስጢር ማወቅ ለእኛ ትርፍ እንጂ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። 3-1 መጨረሻ ላይ፣ ደረጃው ጋ የምትወርደዋን ኤሊ አስታወሳችኋት? ድንጋጌዋን ደረጃው ላይ እያነጠርክ ነፍስ መሰብሰብ ትችላለህ። አንዱ ልጅ በአንድ ክፍያ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጫወት ጋሼ (የቤቱ ባለቤት) አበዱ። «ኤሊ ክልክል ነው!» የሚል አዋጅ ወጣ። ደግሞ ነፍስ ማብዛትም ልክ አለው፤ ከ127 ካለፈ ማሽኑ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበውና አንዴ ስትሞት ጨዋታው በቃ ያልቃል። ስግብግቡ እንዲህ ሲቀጣ ከሁላችንም በላይ የሚስቁት ጋሼ ነበሩ።

የማሪዮ አፍቃሪዎች እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ አለ። 1-2 ላይ በጣሪያው አልፈህ ወደ 4 መዝለል ማጭበርበር ነው አይደለም? የኔ ሐሳብ፦ አይደለም። ሚያሞቶና ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1985 ጌሙን ሲሠሩ ሆን ብለው ያስቀመጡት በር ነው፤ ስትደርስ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ይቀበልሃል። በዚያ ላይ ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ይህን ጌም ሃምሳ ጊዜ ይውጠዋል። ቦታ ስለጠበባቸው ደመናውና ቁጥቋጦው እንኳ አንድ ሥዕል ናቸው፣ ቀለሙ ነው የተቀየረው። በዚያ ጥበት ውስጥ የተሸሸገልህን በር አልገባም ማለት ሰው ቤት ሄዶ የቀረበን ምግብ እንደ መግፋት ነው።

ማይነስ ዋን ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ማንም አላስቀመጠውም። እዚያው 1-2 መጨረሻ ላይ፣ ቧንቧው ላይ ቆመህ፣ ጣሪያውን በልክ ሰብረህ፣ ጀርባህን ለግንቡ ሰጥተህ፣ ጎንበስ ብለህ ብትዘል ማሪዮ በግንቡ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ወዲያ ማዶ ያሉት ቧንቧዎች ገና ትክክለኛ ቁጥራቸውን አልያዙም። የያዙት የ4-2ን ነው፤ እዚያ ደግሞ መሃሉ ላይ 5 አለ፣ ግራና ቀኙ ባዶ። ያቺን «ባዶ» ማሽኑ የሚያውቃት 36 በሚል ቁጥር ነው። ስለዚህ ወደ ዓለም 36 ይወስድሃል፤ 36ን ሲጽፈው ደግሞ ባዶ ሆኖ ይታይና ስክሪኑ ላይ «-1» ብቻ ይቀራል። ውሃ ውስጥ ትዋኛለህ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቧንቧ መልሶ መጀመሪያው ላይ ይተፋሃል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ትዞራለህ፣ ትሞታለህ። «ስህተት እኮ ነው፣ ምስጢር አይባልም» የሚሉ አሉ። ሚያሞቶ ራሱም ስህተት መሆኑን ተናግሯል። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ምስጢር እሱ ነው፤ ሠሪውም ያላወቀው ነዋ።

በዚያ ክረምት አንድ ልጅ መጣ። እናቱ ሐበሻ ናት፣ እድገቱ ኻርቱም። መተማ ዘመድ ጋ ነበር ያረፈው። አማርኛው አረብኛ አረብኛ ይላል። ማይነስ ዋን ገብተን ስንዞር አየንና «ይሄ እኮ ያልቃል» አለ።

«ምኑ?»

«ወላሂ ያልቃል! ሦስት ስቴጅ ነው። መጀመሪያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ልዕልቷ ውሃው ውስጥ ትንሳፈፋለች። ሁለተኛው ዓሣ የሚዘልበት ድልድይ ነው። ሦስተኛውን ስትጨርስ ወደ ጌሙ መነሻ ስክሪን ይመልስሃል።»

እንዴት እንደሳቅን! ልዕልቷ ውሃ ውስጥ! ልዕልቷ ያለችው 8-4፣ ከዘንዶው ኋላ እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። «አሳየን» አልነው። ገባ፣ ዋኘ፣ ቧንቧው እንደ ልማዱ መልሶ ተፋው። የኛ ካሴት ነዋ። ከዚያ በኋላ ስሙ «ልዕልት» ሆነ። የከፈለበትን ተራ ነጠቅነው። ጆይስቲኩን ከእጁ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ መምጣት አቆመ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ ማሪዮ ሳነብ አገኘሁት። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ የዲስክ ማጫወቻ አውጥቶ ነበር። ማሪዮም በዲስክ ተሸጠ። በዲስኩ ላይ መረጃው የተቀመጠበት መንገድ ስለሚለይ ማይነስ ዋንም ይለያል። ሦስት ስቴጅ ነው። የመጀመሪያው 1-3 ውሃ ተሞልቶበት ነው፤ ልዕልቷ ውሃው ውስጥ ትንሳፈፋለች። ሁለተኛው 7-3 ነው፣ ያ ዓሣ የሚዘልበት ድልድይ። ሦስተኛውን ስትጨርስ ወደ ጌሙ መነሻ ስክሪን ይመልስሃል።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ልዕልቷ አለች።

የዲስክ ጌሞች ወደ ካሴት እየተገለበጡ በኮፒ ይሸጡ እንደነበር የታወቀ ነው። «ሰምቶ ይሆናላ» እንዳትሉኝ። በ1995 ዓ.ም. ከማን ይሰማል? ልዕልት ውሃ ውስጥ ስትንሳፈፍ ከራሱ አፍልቆ፣ ድልድዩንም በቦታው አስቀምጦ የሚዋሽ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደግሞ አላውቅም። ልጁ አይቷል። እኛ የምናውቀው የራሳችንን ቢጫ ካሴት ብቻ ነበር፤ ያውም ስሙ ላይ የዋሸንን ካሴት! እሱን አምነን ልጁን ውሸታም አልነው።

አሁን ማንም ማንንም ውሸታም አይልም፣ ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል። ይሄ ደህና ነው። ምስጢር ሞተ እያሉ የሚያለቅሱ የዱሮ ተጫዋቾች አሉ፣ እኔ ከነሱ ጋር አላለቅስም። በዚያ ክረምት ኢንተርኔት ቢኖር ልጁ ተራውን ይጫወት ነበር።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያችው በገላባት ድልድይ በኩል ወደ መተማ ገቡ። ሱዳናውያን፣ ኻርቱም የኖሩ ሐበሾች፣ የሌላም አገር ሰዎች። የመተማን ሥዕል በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር የማፈጠው ሰላሳውን ያለፉ ወንዶች ፊት ላይ ነው። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ባየውም አልለየውም። ስሙን እንኳ አላውቅም፤ የማውቀው እኛ ያወጣንለትን ነው።

ምናልባት ይህን የሚያነብ ኻርቱም ያደገ ሰው ካለ፣ «መተማ ጌም ቤት ውስጥ ተራዬን ነጠቁኝ» የሚል ወንድም ወይ ጓደኛ ካላችሁ፣ ንገሩልኝ። ሦስት ስቴጅ ነው። ልዕልቷም ውሃ ውስጥ ናት። ተራውም አለብኝ።